በርሜሉ ከወይን ጠጁ ሲወደድ፦ ጣፋጩ ሼሪና ከጀርባው ያሉ ባለሙያዎች

ሄሬዝ ደ ላ ፍሮንቴራ የደቡብ ስፔን ከተማ ናት። በዓለም ዙሪያ ያሳወቃት ሼሪ የተባለው ወይን ጠጇ ነው። ዛሬ ግን ገዢ የሚሻማው በወይን ጠጁ ላይ ሳይሆን ወይን ጠጁ ተቀድቶ ባለቀበት ባዶ በርሜል ላይ ሆኗል። የስኮትላንድ ዊስኪ አምራቾች ሼሪ ሲጠጣ ለቆየ አንድ የኦክ እንጨት በርሜል ከ1,000 ዩሮ በላይ ይከፍላሉ። የወይን ፍሬውን አርሶ፣ ገርዞና ለቅሞ የሚያቀርበው ገበሬ ደግሞ ለአንድ ኪሎ ፍሬ ከአንድ ዩሮ ያነሰ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል።

የገበያው ውድቀት ልክ በቁጥር ይታያል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1979 ሼሪ ወደ ውጭ በብዛት የተላከበት ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ በዚያ ዓመት 150 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ከስፔን ወጥቷል። አሁን አገር ውስጥ የሚጠጣው ተጨምሮበት እንኳን የዚያን አንድ አምስተኛ ቢሆን ነው። በዚያ ዘመን ከ20,000 ሄክታር በላይ ይሸፍን የነበረው የወይን እርሻም ተመንጥሮ፣ ለስንዴና ለሱፍ ተለቅቆ፣ ዛሬ 7,000 ሄክታር ያህል ቀርቷል።

ብዙዎች ለዚህ የሚሰጡት ምክንያት የሰው ምላስ ተለውጧል የሚል ነው። ጣፋጭ ወይን ጠጅ የአያቶቻችን መጠጥ ነበር፣ ዘመናዊ ጠጪ ደረቁን፣ ማለትም ጣፋጭ ያልሆነውን ይመርጣል ይላሉ። እኔ ይህን ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። የሼሪ ሰዎች ራሳቸው ለብዙ ዓመታት የሸጡት ወይን ጠጁን ከሠራው ሰው፣ ፍሬው ከበቀለበት መሬትና ከፈጀው ጊዜ ለይተው ነው። እነዚህ ሦስቱ ከጠርሙሱ ላይ ሲጠፉ የቀረው ርካሽ ስኳር ነበር፤ ርካሽ ስኳር ደግሞ ሁልጊዜ ከእሱ የባሰ ርካሽ ይመጣበታል። አሁን ጥቂት ጠማቂዎች እነዚህን ሦስት ነገሮች ወደ ጠርሙሱ ለመመለስ እየሠሩ ነው። ይሳካላቸው እንደሆነ ገና አልለየለትም። ግን ከጣፋጩ ሼሪ አሠራር ካልተነሣን የሚታገሉለትን ነገር አናውቀውም።

የሼሪ አገር በሦስት ከተሞች መካከል ያለ ምድር ነው፦ ሄሬዝ፣ ሳንሉካር ደ ባራሜዳና ኤል ፑዌርቶ ደ ሳንታ ማሪያ። አፈሩ አልባሪዛ ይባላል፤ ኖራ የበዛበት፣ በበጋ ፀሐይ ዓይን እስኪወጋ ድረስ ነጭ የሆነ አፈር ነው። የክረምቱን ዝናብ እንደ ስፖንጅ ይመጥጥና ላዩ ሲደርቅ ቅርፊት ሠርቶ እርጥበቱን ከሥር ይይዛል። ከእርሻው አብዛኛው ፓሎሚኖ በተባለ ነጭ ወይን የተሸፈነ ነው፤ ከእሱ የሚወጡት ደረቅ ሼሪዎች ናቸው። ጣፋጮቹ በዋናነት ከሌሎች ሁለት ዘሮች ይሠራሉ። አንዱ በባሕሩ ዳር በቺፒዮና አሸዋማ መሬት ላይ የሚበቅለው፣ የአበባ ሽታ ያለው ሞስካቴል ነው። ሌላው ፔድሮ ሂሜኔዝ ነው። ከእነዚህ ሌላ ደግሞ ኦሎሮሶ የተባለው ደረቅ ሼሪ ከፔድሮ ሂሜኔዝ ጋር ተደባልቆ የሚወጣው ክሪም ሼሪ አለ።

ከሁሉም ጣፋጩ ፔድሮ ሂሜኔዝ ነው። ፍሬው በደንብ ከበሰለ በኋላ ይለቀምና ዘለላው በመሬት ላይ በተነጠፈ ምንጣፍ ላይ ፀሐይ እንዲመታው ይሰጣል። ሠራተኞቹ ጎንበስ ብለው እያንዳንዱን ዘለላ በእጃቸው ያገላብጡታል፤ የበሰበሰውን ነቅሰው ይጥላሉ፤ በባሕሩ አቅራቢያ ባለው አገር ማታ ማታ ጤዛ እንዳያርሰው ይሸፍኑታል። ይህ እንደ ፀሐዩ ብርታት ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይቀጥላል። አረንጓዴው ፍሬ ወደ ቡናማ ይለወጣል፣ ይጨማደዳል፣ ዘቢብ ይሆናል።

ከዘቢብ ወይን ጠጅ ማውጣት ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። በቤተ ክርስቲያናችን ለቅዳሴ የሚቀርበው ወይን ዲያቆናቱ በቤተልሔም ዘቢቡን በውሃ ዘፍዝፈው ጨምቀው የሚያዘጋጁት ነው። በስፔኑ ሥራ ግን ጠብታ ውሃ አይገባም፤ ከደረቀው ፍሬ ውስጥ ያለው ብቻ ይወጣል። ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። የዘቢቡ ክምር በመደበኛው መጭመቂያ ብቻ እሺ ስለማይል በክብ የሣር ምንጣፎች መካከል እየተነጠፈ እንደ ግንብ ይደረደርና በከባድ መጭመቂያ ቀስ እያለ ይጫናል። በምንጣፎቹ ዳር የሚንጠባጠበው ጭማቂ ቡናማና ወፍራም ነው። ከ100 ኪሎ ትኩስ ፍሬ ተራ ወይን ጠጅ ቢሠራ 70 ሊትር ያህል ጭማቂ ይገኛል፤ ፍሬው ከደረቀ በኋላ ግን 30 ሊትር ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ስለ ዋጋ ስንነጋገር ይህን ልዩነት ማስታወስ ያስፈልጋል።

ጭማቂው በስኳር የታጨቀ ስለሆነ እርሾው ሥራውን ገና ሲጀምር ይታፈናል። ጠማቂው ከወይን የተነጠረ ንጹሕ አልኮል ጨምሮ መብላላቱን ያቆመዋል፤ መጠጡም ከ15 እስከ 17 በመቶ አልኮል ይዞ ወደ በርሜል ይገባል። በሕጉ መሠረት ፔድሮ ሂሜኔዝ ሼሪ በአንድ ሊትር ቢያንስ 212 ግራም ስኳር ሊኖረው ይገባል፤ በተግባር ግን 400 ግራም ማለፉ የተለመደ ነው። ይህ ከለስላሳ መጠጥ አራት እጥፍ ያህል ነው። ታዲያ እንዴት ይጠጣል? ምሥጢሩ በርሜሉ ውስጥ ባሳለፋቸው ዓመታት ነው። በእንጨቱ ቀዳዳዎች ውሃው በየዓመቱ በጥቂቱ ይተናል፤ ስኳሩ ብቻ ሳይሆን ኮምጣጣነቱና ምሬቱም እየጠነከረ ይሄዳል። ሠላሳ ዓመት የቆየውን ወደ ብርጭቆ ሲያንቆረቁሩት እንደ ዘይት ዝም ብሎ ይወርዳል፤ ጥቁር ነው፣ ብርጭቆውን ሲያዞሩት ግድግዳው ላይ ቡናማ ቀለም ትቶ ያልፋል። መጀመሪያ የቴምርና የደረቀ በለስ ሽታ ይመጣል፣ ቀጥሎ የተቆላ ቡና፣ ከዚያ ጨው የነካው የሚመስል ነገር። ከተዋጠ በኋላ ምላስ ላይ የሚቀረው ጣፋጭነቱ ሳይሆን ምሬቱ ነው። ጣፋጭ ወይን ጠጅ ሁሉ የልጅ መጠጥ ነው የሚል ሰው ይህን አልቀመሰም።

እዚህ ላይ ብዙ ጠጪ የማያውቀው ነገር አለ። በሄሬዝ ጠርሙስ ላይ የምናነበው ፔድሮ ሂሜኔዝ አብዛኛው የተወለደው ሄሬዝ አይደለም። ፍሬው የሚበቅለው ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ በኮርዶባ አውራጃ ሞንቲያ ሞሪሌስ በተባለው አገር ነው። እዚያ ከባሕር ርቆ በጋው እሳት ነው፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ማለፉ የተለመደ ነው፤ ፍሬ ለማድረቅ ከዚያ የተሻለ ቦታ አይገኝም። ገና ያልቆየው ጣፋጭ ጭማቂ በቦቴ ተጭኖ ወደ ሄሬዝ ይወርዳል፣ በሄሬዝ በርሜል ውስጥ ያድጋል፣ በሄሬዝ ስም ይሸጣል። ሕጉ ይህን በግልጽ ይፈቅዳል፤ ማጭበርበር የለበትም። ነገር ግን በነሐሴ ፀሐይ ጎንብሶ ዘለላውን ያገላበጠው የሞንቲያ ሠራተኛና የአገሩ ስም በጠርሙሱ ላይ አይታዩም። ይህ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ሞንቲያ የራሱ ታላላቅ ቤቶች ያሉት አገር ነው። አልቬአር በ1729 የተመሠረተና እስካሁን በቤተሰቡ እጅ ያለ ነው። በአጊላር ደ ላ ፍሮንቴራ ያለው ቶሮ አልባላ ደግሞ ከ1946 ምርት ባወጣው ፔድሮ ሂሜኔዝ ከታዋቂው የወይን ጠጅ ሐያሲ ከሮበርት ፓርከር መጽሔት 100 ከ100 አግኝቷል። ያ ውጤት በወይን ጠጅ ዓለም ለጥቂቶች ብቻ የሚሰጥ ነው። ሞንቲያን የማያውቁ ሰዎች ካርታ ገልጠው የፈለጉት ከዚያ በኋላ ነው።

ጊዜው በምን ይለካል? ሼሪ የሚያድገው ሶሌራ በሚባል ሥርዓት ነው። በርሜሎቹ ተደራርበው ይቀመጣሉ። ለጠርሙስ የሚቀዳው መሬት ላይ ካለው ረድፍ ብቻ ነው፤ በርሜሉ ግን በፍጹም ባዶ አይደረግም፣ ጥቂቱ ብቻ ይቀዳል። የጎደለው ከእሱ በላይ ካለው ረድፍ ይሞላል፣ የዚያም ጉድለት ከበላዩ ካለው፣ እንዲህ እያለ አዲሱ ወይን ጠጅ ከላይ ይገባል። ስለዚህ ከመቶ ዓመት በፊት የተተከለ ሶሌራ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጠብታ ዛሬም አለ ማለት ነው። ጠርሙሱ ላይ ዓመት የማይጻፈውም ለዚህ ነው። ዕድሜው የሚገመተው በአማካይ ነው፤ የሼሪ ተቆጣጣሪ ምክር ቤት በ2000 ለ20 እና ለ30 ዓመት አማካይ ዕድሜ ሁለት ማረጋገጫዎች አወጣ። ማረጋገጫውን ለማግኘት የቀማሾች ሸንጎና የካርቦን ምርመራ ይታለፋል። ለእኔ ግን ከሁሉ የሚደንቀኝ ሌላው ደንብ ነው፤ የ30 ዓመቱን አንድ ሊትር ለመሸጥ የፈለገ ቤት ያንኑ የሚያህል ዕድሜ ያለው 30 ሊትር በጓዳው ማስቀረት አለበት። ሀብቱን ከማይሸጠው ነገር ላይ የሚለካ ንግድ ሌላ የት ይገኛል?

እንዲህ ያለ ሥራ እንዴት ርካሽ ሆነ? መልሱ ያለው ብሪታንያ ውስጥ ነው። እንግሊዞች ሼሪን የለመዱት ከጥንት ነው፤ ፍራንሲስ ድሬክ በ1587 ካዲዝን ወርሮ 2,900 በርሜል ያህል ዘርፎ ሄዷል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የብሪስቶል ነጋዴዎች የሃርቪስ ቤት ብሪስቶል ክሪም ብሎ ያወጣው ጣፋጭ ድብልቅ በቀጣዩ ክፍለ ዘመን በየቤቱ ገባ። ለገና በዓል ለእንግዳ የሚቀዳው፣ ለሴት አያት ስጦታ የሚገዛው እሱ ሆነ። ጥሩ ክሪም ሼሪ ጥሩ መጠጥ ነው፤ ያረጀ ኦሎሮሶና ያረጀ ፔድሮ ሂሜኔዝ በልክ ሲጋቡ የሚወጣው የሚያኮራ ነው። ጥፋቱ የመጣው ፍላጎቱ ሲያብጥ ነው።

ሆሴ ማሪያ ሩዊዝ ማቴዎስ የተባለው የሄሬዝ ነጋዴ በ1960ዎቹ ለሃርቪስ ሼሪ የማቅረብ የ99 ዓመት ውል ተፈራረመ። ከዚያ በኋላ ሩማሳ በተባለው ድርጅቱ አማካይነት ባንኮችንና ሆቴሎችን ጨምሮ የቀናውን ሁሉ ገዛ። በሄሬዝም የቆዩ የሼሪ ቤቶችን አንድ በአንድ ጠቀለለ፤ በመጨረሻ ከንግዱ አንድ ሦስተኛ ያህሉ በእጁ ነበር። ስልቱ ብዛት ነበር፤ ብዙ መትከል፣ ብዙ መሸጥ፣ በርካሽ መሸጥ። ተፎካካሪዎቹም ላለመውደቅ ዋጋ ቀነሱ። ወይን ጠጁ በርሜል ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ አጠረ፣ ጉድለቱም በማጣፈጫ ተሸፈነ። የካቲት 23 ቀን 1983 አዲሱ የፌሊፔ ጎንዛሌዝ መንግሥት ሩማሳን ወረሰ። ቤቶቹ ተበታትነው ተሸጡ፤ ገበያው ግን ሼሪ ማለት ርካሽ ጣፋጭ ነገር ነው የሚለውን ትምህርት ቀድሞ ተምሮ ጨርሶ ነበር። የአውሮፓ ገንዘብ ለገበሬው የሚከፈለው ወይን እንዲተክል ሳይሆን የተከለውን እንዲነቅል ሆነ።

ወደ በርሜሉ እንመለስ። ድሮ ሼሪ ወደ ብሪታንያ የሚሄደው በበርሜል ነበር። እዚያ በጠርሙስ ከተሞላ በኋላ ባዶውን በርሜል የስኮትላንድ ዊስኪ ጠማቂዎች በርካሽ ይገዙት ነበር፤ ዊስኪውም ከእንጨቱ የደረቀ ፍሬ ጣዕምና ጥቁር ቀለም ይወስድ ነበር። በ1980ዎቹ ሼሪ ሁሉ በአገሩ በጠርሙስ እንዲሞላ ሲወሰን ባዶ በርሜሎቹ መምጣታቸውን አቆሙ። ዊስኪ አምራቾች ያን ጊዜ በርሜል ለራሳቸው ማሠራት ጀመሩ። አዲስ በርሜል በሄሬዝ ይገነባል፣ ሼሪ ይሞላል፣ ቢያንስ አንድ ዓመት ይቆያል፣ ከዚያ ሼሪው ወጥቶ በርሜሉ ወደ ሰሜን ይላካል። ምክር ቤቱም በ2015 ለእነዚህ በርሜሎች የተመዘገበ ስምና የቁጥጥር ደንብ አወጣ።

ይህን የማያውቅ የዊስኪ ወዳጅ የሚጠጣው መቶ ዓመት ሼሪ ሲያሳድግ ከኖረ በርሜል የወጣ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። የሼሪ ጠማቂ ያረጀ፣ ጣዕሙን የጨረሰ፣ ወይን ጠጁን የማይረብሽ እንጨት ይፈልጋል፤ የሶሌራውን በርሜል አይሸጥም፣ ሲያንጠባጥብ ያስጠግነዋል። ዊስኪው የሚፈልገው ደግሞ ገና ጉልበት ያለው አዲስ እንጨት ነው። አዲሱን በርሜል ያለማመደው ወይን ጠጅም በጠርሙስ አይሸጥም፤ ከበርሜል በርሜል እየተዘዋወረ ካገለገለ በኋላ መጨረሻው ኮምጣጤ መሆን ወይም ተነጥሮ ብራንዲ መሆን ነው። በሄሬዝ መሬት በቅሎ፣ በሄሬዝ ሰው ተጠምቆ፣ እንጨት ከማጠብ ያለፈ ሥራ የሌለው ሼሪ ማለት ነው።

እውነቱን ለመናገር ይህ ገንዘብ ብዙ ቤቶችን ከመዘጋት አድኗል፤ በርሜል ሠሪዎችንም ሥራ አስገኝቷል። ሀብታሞቹ የዊስኪ ድርጅቶችም በርሜል ከመግዛት አልፈው ወደ ቤቶቹ ራሳቸው ገብተዋል። የማካላን ዊስኪ ባለቤት ኤድሪንግተን በ2023 ቫልዴስፒኖ የተባለው የሼሪ ቤት ባለቤት ከሆነው ከኢስቴቬዝ ድርጅት ግማሹን ድርሻ ወሰደ። የፊሊፒንሱ መጠጥ አምራች ኢምፔራዶርም በ2014 የስኮትላንድ ዊስኪ አምራች ገዝቶ ብዙ ሳይቆይ ሃርቪስን ጨምሮ የሄሬዙን የፈንዳዶር ቤት የራሱ አደረገ። ስጋቴ እዚህ ላይ ነው። ወይን ጠጁ የበርሜል ማለማመጃ ብቻ ከሆነ የትኛው መሬት፣ የትኛው ዘር፣ የትኛው ጠማቂ ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም፤ የተገኘው ፍሬ ሁሉ ይበቃል። ለበርሜል ማለማመጃ ለሚለቀም ፍሬ ሊቅ ጠማቂ የሚከፍለውን ያህል ዋጋ የሚከፍል የለም።

በዚህ ከተማ በርሜልና ወይን ጠጅ የተጋጩት አሁን ብቻ አይደለም። በ1830 ሆሴ አንቶኒዮ ሲዬራ የተባለ የታወቀ በርሜል ሠሪ የራሱን ወይን ጠጅ ቤት ከፈተ። ባላባቶቹ የወይን ጠጅ ነጋዴዎች አንድ እጅ ሥራ አዳሪ ከእነሱ እኩል መሆኑን አልወደዱምና መንገድ ሊዘጉበት ሞከሩ። እሱ ግን በጠርሙሱ ላይ የአደን ሥዕል አስወጣ፤ ፈረሰኞቹ አዳኞች ነጋዴዎቹ፣ የሚታደነው ቀበሮ እሱ ራሱ። ኤል ማይስትሮ ሲዬራ የተባለው ቤት ዛሬም አለ፣ ሥዕሉም አለ። በቅርብ ዘመን ቤቱን ያቆሙት ፒላር ፕላ የተባሉ ሴት ናቸው፤ በ1976 ባለቤታቸው ሲሞቱ ሥራውን ተረክበው፣ ሌላው ሁሉ በዘመናዊ መሣሪያ ሲሠራ እሳቸው በርሜሉ በእጅ በሚቀዳበት በድሮው መንገድ ጸኑ። የቤቱ ፔድሮ ሂሜኔዝና ኦሎሮሶ ጥራት ምስክር ነው።

የሠሪውን ስም ጠርሙስ ላይ በማውጣት ፈር የቀደደው ግን የሉስታው ቤት ይመስለኛል። በሄሬዝ ጓዳቸው ውስጥ ጥቂት በርሜል አሳድገው ለትላልቆቹ ቤቶች የሚሸጡ፣ ራሳቸው ጠርሙስ የማያወጡ ሰዎች ነበሩ፤ አልማሴኒስታ ይባላሉ። ከመካከላቸው ሐኪም ነበር፣ ጠበቃ ነበር፣ ገበሬ ነበር። ወይን ጠጃቸው በትልቁ ቤት ድብልቅ ውስጥ ይጠፋ ነበር። ሉስታው በ1981 የእያንዳንዳቸውን ለብቻ በጠርሙስ ሞልቶ፣ የሰውዬውን ስምና የነበረውን የበርሜል ብዛት በላዩ ጽፎ አወጣ። የዚያው ቤት ዋና ባለሙያ የነበረው ማኑዌል ሎዛኖ የዓመቱ ምርጥ የሼሪና የመሰል ወይን ጠጆች ጠማቂ ተብሎ ደጋግሞ ተሸልሟል፤ በ2016 ሲሞት ሰርሂዮ ማርቲኔዝ ቦታውን ተረከበ። ሄሬዝ ሥራውን የሚያስተላልፈው እንዲህ ከሰው ወደ ሰው ነው። በ1835 በተመሠረተው ጎንዛሌዝ ቢያስ ለአሥርተ ዓመታት በርሜሎቹን የመራው አንቶኒዮ ፍሎሬስ አባቱም በዚያው ቤት ጠማቂ ነበሩ፤ ልጁ ሲልቪያም በዚያው ሥራ ላይ ናት። ኖዬ የተባለው የ30 ዓመት ፔድሮ ሂሜኔዝ የዚህ ቤት ነው። ሴቶቹ ባለሙያዎች ሲነሡ በዊሊያምስ ኤንድ ሃምበርት ቤት የሠራችው ፓኦላ ሜዲና በሶሌራ ያልተደባለቀ የአንድ ዓመት ምርት ሼሪን እንደገና ወደ ገበያ ያመጣች ናት፤ በሳንሉካር በባርባዲዮ ደግሞ ሞንሴ ሞሊና አለች።

ከዚያ በ2005 የተጀመረ የሁለት ሰዎች ሥራ አለ። ሄሱስ ባርኪን በግራናዳ ዩኒቨርሲቲ የወንጀል ሕግ ፕሮፌሰር ነው፤ ኤድዋርዶ ኦሄዳ ደግሞ የቫልዴስፒኖ ቴክኒክ ኃላፊ ነበር። በሳንሉካር በአንድ ቤት ውስጥ ተረስተው የቆዩ፣ አሞንቲያዶ የተባለው ደረቅ ሼሪ ያለባቸው በርሜሎች አግኝተው ጥቂቱን ለጓደኞቻቸው በጠርሙስ አስሞሉ። ከዚህ ተነሥቶ ኢኪፖ ናቫዞስ የተባለው ሥራ ተወለደ፤ እያንዳንዱ ጠርሙስ ቁጥር አለው፣ ከየት ጓዳ እንደወጣና መቼ እንደተቀዳ ይናገራል። ከደረቆቹ ጎን ጣፋጭ ፔድሮ ሂሜኔዝም አውጥተዋል። ለእኔ የእነዚህ ሰዎች ትልቁ አስተዋጽኦ አዲስ ነገር መሥራታቸው አይደለም፤ በጓዳ የነበረውን ወርቅ ወርቅ ነው ብለው መናገራቸው ነው።

ወጣቶቹ ደግሞ ከጓዳው ወጥተው ወደ እርሻው ሄደዋል። ዊሊ ፔሬዝና ራሚሮ ኢባኜዝ ካራስካል፣ ማቻርኑዶ፣ ባልባይና፣ ሚራፍሎሬስ የተባሉት ኮረብታዎች የየራሳቸው ጠባይ አላቸው፣ ሼሪም እንደ ፈረንሳዩ የቡርጎኝ ወይን ጠጅ በመሬቱ ስም መጠራት አለበት ይላሉ። የሚገርመው መሣሪያቸው ከጣፋጩ ወይን ጠጅ የተወሰደ መሆኑ ነው። ዊሊ ፔሬዝ ባራሁዌላ በሚለው ስም በሚያወጣው ሼሪ የፓሎሚኖውን ፍሬ ለአጭር ጊዜ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ዘቢብ እስኪሆን አይጠብቅም፤ ስኳሩ ከፍ ሲል ይጨምቀዋል፣ ስኳሩም ሁሉ ተብላልቶ አልኮሉ ያለ ምንም ተጨማሪ 15 በመቶ ይደርሳል። ለመቶ ዓመታት ሼሪ ማለት አልኮል የተጨመረበት ወይን ጠጅ ነበር፤ እነሱ ግን የድሮ ሰነዶችን አገላብጠው ከዚያ በፊት እንዲህም ይሠራ እንደነበር አሳይተዋል።

ክርክሩ ፍሬ አፍርቷል። የስፔን የመጀመሪያው የአካባቢ ስም ጥበቃ የሆነው የሼሪ ደንብ በ1930ዎቹ ከወጣ ወዲህ ትልቁ የተባለው ማሻሻያ በ2021 ተወስኖ ቀስ በቀስ በሥራ ላይ ውሏል። ተፈጥሯዊ አልኮሉ ከበቃ አልኮል መጨመር ግዴታ አይደለም። የኮረብታዎቹ ስም ጠርሙስ ላይ ሊጻፍ ይችላል። ፊሎክሴራ የተባለው ተባይ በ1894 ሄሬዝ ከገባ በኋላ እየጠፉ የሄዱ የወይን ዘሮችም እንደገና ተፈቅደዋል። ሼሪ የሚያድገውም በሦስቱ ከተሞች ብቻ መሆኑ ቀርቶ ወይኑ በሚበቅልባቸው ሌሎች ወረዳዎችም ሆኗል፤ ይህ ለቺፒዮናው ሞስካቴል ትልቅ ነገር ነው።

ጊዜው ግን የሚያመች አይደለም። ብሪታንያ ከኦገስት 2023 ጀምሮ የመጠጥ ግብርን በአልኮል መጠን ስለሰፈረች እንደ ሼሪ ያሉ ጠንካራ ወይን ጠጆች ከበፊቱ የበለጠ ይከፍላሉ። አሜሪካ በ2025 በአውሮፓ ኅብረት ወይን ጠጅ ላይ የ15 በመቶ ቀረጥ ጣለች። አንዳሉሲያም ከ2022 እስከ 2024 በድርቅ ተመትታለች፤ ሞንቲያ ውስጥ ለቀማው በሐምሌ መጨረሻ ሲጀመር አይቶ የሚደነቅ የለም። በዚህ ላይ ያ ሁሉ ተስፋ የተጣለበት ዊስኪ ራሱ አልቀናውም፤ የስኮትላንድ ዊስኪ የውጭ ሽያጭ በ2022 ከ6 ቢሊዮን ፓውንድ አልፎ በ2023ም በ2024ም ዝቅ ብሏል። የበርሜል ትዕዛዝ ሲቀንስ ቀድሞ የሚጎዳው በርሜል ለማለማመድ ፍሬውን የሚሸጠው ገበሬ ነው፤ ወይን ነቅሎ የፀሐይ ኃይል መስታወት ለሚተክል ድርጅት መሬቱን ማከራየት ያኔ ያጓጓዋል።

መውጫው ገበሬው ለአንድ ኪሎ የሚያገኘው ዋጋ መጨመሩ ነው። ያ የሚሆነው ደግሞ ጥሩው ጠርሙስ በሚገባው ዋጋ ሲሸጥ ነው። ዛሬ ጥሩ የሚባል ፔድሮ ሂሜኔዝ በአውሮፓ ሱቅ ከ10 እስከ 20 ዩሮ ይገኛል፤ በአውሮፓ ለምትኖሩ አንባቢያን ይህ ማለት የዓመታት ሥራ በአንድ ምሳ ዋጋ ነው። ስትገዙ ጀርባውን አንብቡት። የ20 ወይም የ30 ዓመት ማረጋገጫ ያለው ከሆነ በጥቁር ቀለሙ ብቻ አልተገመተም። ከሄሬዝ የመጣው ፍሬው ከየት እንደሆነ ከነገራችሁ ይህን የደፈረ ቤት ነው። ሞንቲያ ሞሪሌስ የሚል ካያችሁም ሁለተኛ ደረጃ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ለብዙው የሄሬዝ ፔድሮ ሂሜኔዝ ፍሬው የሚወጣው ከዚያ ነው፣ ዋጋውም ቢሆን ብዙ ጊዜ ይቀንሳል።